ሰው ሠራሽ የጥርስ ልባስና የተጋጣሚ ጥርስ መፈግፈግ፦ ከስምጥ ሸለቆ ነዋሪዎች የጥርስ ጤና አንጻር

መግቢያ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከስሟ ጋር አንድ ስም በሚጋራው ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከተማዋም ሆነች በዙሪያዋ ያሉት ቀበሌዎች የተቀመጡት እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው ዓለቶች ላይ ነው። በእነዚህ ዓለቶች መካከል የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር አሟምቶ ይዞ ይወጣል። ፍሎራይድ በጥቂቱ ሲገኝ ጥርስን ከመበስበስ የሚከላከል ሲሆን፣ መጠኑ ሲበዛ ግን በማደግ ላይ ያለን ጥርስ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚመክረው ከፍተኛ መጠን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ያሉ በርካታ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ አላቸው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ከውልደታቸው ጀምሮ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ከኖሩና ከተመረመሩ ሕፃናት መካከል ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በፍሎራይድ ምክንያት የሚመጣ የጥርስ መበላሸት፣ ማለትም የጥርስ ፍሎሮሲስ፣ እንደታየባቸው አመልክተዋል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ችግሩ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ሆኗል። በዚህ አካባቢ ያደገ አንድ ወጣት ወደ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚያስኬደው ሁልጊዜ ሕመም አይደለም። ቡናማ ቀለም የያዘውን ጥርሱን ነጭ ለማስደረግ፣ ብዙውን ጊዜም ለማስለበስ ይሻል። ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን የለመደ ሰው ይህን ቢመኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

ጥርሱን የሚያስለብስ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ሦስት ናቸው፤ ይመሳሰላል ወይ? ስንት ዓመት ይቆያል? ዋጋው ስንት ነው? አራተኛውና እምብዛም የማይነሣው ጥያቄ ግን አዲሱ ልባስ ከላይ ወይም ከታች የሚገጥመውን የተፈጥሮ ጥርስ ምን ያደርገዋል? የሚለው ነው። ልባሱ አሥራ አምስት ዓመት ሳይነቃነቅ ቢቆይና በዚያው ጊዜ ተጋጣሚው የተፈጥሮ ጥርስ በግማሽ ቢያጥር፣ ሕክምናው ተሳካ ለማለት ያስቸግራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመጠገኛ ቁሶች በተጋጣሚ ጥርስ ላይ የሚያደርሱትን መፈግፈግ ምክንያቱንና መከላከያውን ማብራራት፣ እንዲሁም ጉዳዩ ፍሎሮሲስ በሚበዛበት አካባቢ ለምን የተለየ ጥንቃቄ እንደሚሻ ማሳየት ነው።

የጥርስ መፈግፈግ ምንድን ነው?

የጥርስ መፈግፈግና የጥርስ መበስበስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መበስበስ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ በመለወጥ ጥርስን እየቦረቦሩ ጉድጓድ የሚፈጥሩበት በሽታ ነው። መፈግፈግ ግን ያለ ባክቴሪያ ተሳትፎ የጥርስ ገጽ ቀስ በቀስ እየተፋቀና እየሳሳ የሚሄድበት ሂደት ነው። የሚከሰትባቸውም ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው።

1ኛ. ጥርስ ከጥርስ ጋር በቀጥታ ሲፋተግ፤ ይህ ሲዋጥና በተለይም በእንቅልፍ ልብ ጥርስ ሲፋጭ ይታያል።

2ኛ. በጥርሶች መካከል የሚገባ ደረቅ ነገር እንደ አሸዋ ሆኖ ሁለቱንም ሲፍቅ፤ በደንብ ያልተበጠረ ቆሎ፣ በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ ዱቄት የሚይዘው ደቃቅ አሸዋና የመሳሰሉት በዚህ ይመደባሉ።

3ኛ. በምግብና በመጠጥ ውስጥ ያለ ወይም ከጨጓራ የሚመለስ አሲድ የጥርስን ማዕድን ሲያሟሟ። ሎሚና ለስላሳ መጠጦች ለዚህ የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው።

እነዚህ ሦስቱ በተግባር ተለያይተው አይገኙም። በአሲድ የለሰለሰ ጥርስ በሚፋተግበት ጊዜ ከተለመደው ይበልጥ በፍጥነት ይሳሳል።

የጥርስ የውጭ ሽፋን የሆነው ኢናሜል በክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ሲሆን፣ በሰው አካል ውስጥ ካሉት ሕብረ አካላት ሁሉ ጠንካራው ነው። ይሁን እንጂ ጥርሱ ከበቀለ በኋላ ኢናሜል የሚሠሩት ሕዋሳት ስለማይኖሩ የተፈገፈገው መልሶ አይተካም። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ የተላጠ ቆዳ ይሽራል፤ ያለቀ ኢናሜል ግን እንዳለቀ ይቀራል። ከሥሩ የሚገኘው ዴንቲን በጣም ለስላሳ በመሆኑ አንዴ ከተጋለጠ በኋላ መፈግፈጉ ይፋጠናል፤ ቀዝቃዛና ትኩስ ነገር ሲነካውም ይጠዘጥዛል።

መጠነኛ መፈግፈግ ግን ተፈጥሯዊ ነው። ላምብሬክትስ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጥናት፣ ኢናሜል ከኢናሜል ጋር በሚገናኝበት ቦታ በመንጋጋ ጥርሶች ላይ በዓመት 29 ማይክሮን ያህል፣ ከመንጋጋ ፊት ባሉት ትናንሽ ጥርሶች ላይ ደግሞ 15 ማይክሮን ያህል እንደሚቀንስ ለክተዋል። አንድ ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን ነው። በመንጋጋ ጥርስ ጫፍ ላይ ያለው ኢናሜል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው ቢባል፣ በዚህ ፍጥነት ለማለቅ ወደ 70 ዓመት ይወስድበታል። ይህም ማለት የተፈጥሮ ጥርስ ከተፈጥሮ ጥርስ ጋር ሲገጥም የአንድን ሰው ዕድሜ ያህል ሊያገለግል ይችላል ማለት ነው። በተቃራኒው አንደኛው ወገን የመፈግፈጉን ፍጥነት ሦስት እጥፍ በሚያሳድግ ቁስ ቢተካ፣ ያው ኢናሜል 23 ዓመት ገደማ ብቻ ይቆያል። በሃያ ዓመቱ የተለበሰ ሰው አርባ አምስት ዓመት ሳይሞላው ዴንቲኑ ይጋለጣል። የታችኛው የፊት ጥርስ ኢናሜል ደግሞ ከመንጋጋው በጣም የሳሳ ስለሆነ ጊዜው ከዚህም ያጥራል።

ፍሎሮሲስ ያለበት ጥርስ ሁኔታ

ፍሎሮሲስ የሚይዘው ጥርሱ ገና በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት ጊዜ ነው። ለላይኞቹ የፊት ጥርሶች የመጀመሪያዎቹ ሦስት የዕድሜ ዓመታት ወሳኝ ናቸው። ከጥበብ ጥርስ በስተቀር የሌሎቹ ቋሚ ጥርሶች ኢናሜል እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ተሠርቶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ውኃ ቢለወጥ ቀድሞ የተበላሸው አይስተካከልም፤ ካደገ በኋላ ወደ ስምጥ ሸለቆ የመጣ ሰውም ጥርሱ በፍሎራይድ አይበልዝም።

በፍሎሮሲስ የተጎዳ ኢናሜል ከውጭ ስስ፣ በማዕድን የዳበረ ንጣፍ ሲኖረው፣ ከዚያ ሥር ያለው ክፍል ግን ማዕድን ያነሰውና ብዙ ደቃቅ ቀዳዳዎች ያሉት ነው። በቀላል ደረጃ ላይ ያለ ፍሎሮሲስ የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እንዲያውም እንዲህ ያለው ጥርስ ለመበስበስ ሳይቸገር ይቋቋማል። ደረጃው ሲከፋ ግን የውጩ ንጣፍ በማኘክ ጉልበት እየተሰነጠቀ ይረግፋል፤ ጥርሱም ከበቀለ በኋላ ይቦረቦራል። ቡናማው ቀለም የሚገባው በአብዛኛው በእነዚህ ቀዳዳዎችና ስንጥቆች በኩል ነው።

እንግዲህ በከፍተኛ ደረጃ ፍሎሮሲስ ያለበት ሰው የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ሲያስለብስ፣ ከአዲሱ ልባስ ጋር የሚጋጠሙት የታችኞቹ ጥርሶች ጤነኛ ኢናሜል ያላቸው አይደሉም። የውጩ ንጣፋቸው ከተነሣ ከሥር የሚገኘው ክፍል ለመፈግፈግ የተመቸ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ተጋጣሚ ጥርስን የማይጎዳ የሚመስል ልባስ እዚህ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል ብሎ መገመት ስሕተት ላይ ሊጥል ይችላል።

ጥንካሬ ወይስ ሸካራነት?

በብዙ ሰው አስተሳሰብ ጠንካራ ነገር ለስላሳውን ይፍቃል። ይህ አስተሳሰብ በከፊል እውነት ቢሆንም በጥርስ ልባስ ረገድ ግን በቂ ማብራሪያ አይደለም።

የአገር ቤቱ ወፍጮ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ወፍጮና መጅ ለረጅም ጊዜ ካገለገሉ በኋላ ገጻቸው ሲለሰልስ እህሉን ማድቀቅ ያቅታቸዋል። ባለሙያዋ ሴት በዚህ ጊዜ ድንጋዩን አትለውጠውም፤ ትወቅረዋለች እንጂ። ከተወቀረ በኋላ የድንጋዩ ጥንካሬ በቅንጣት አልጨመረም፤ የጨመረው ሸካራነቱ ብቻ ነው። ይሁንና ያው ድንጋይ እንደገና መፍጨት ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹም ጊዜያት ከዱቄቱ ጋር አሸዋ ይገኛል። በአፍ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ልባስ ተጋጣሚውን ጥርስ የሚፍቀው ከጥንካሬው ይልቅ በገጹ ሸካራነት፣ በውስጡ ባሉት ቅንጣቶች ዓይነትና መጠን፣ እንዲሁም ሲሰነጠቅ በሚለቃቸው ስብርባሪዎች ምክንያት ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። ጠንካራነትን ለመለካት በሚያገለግለው የቪከርስ መለኪያ ኢናሜል ከ300 እስከ 400 ያህል ሲያስመዘግብ፣ ሊቲየም ዳይሲሊኬት የተባለው ሴራሚክ ወደ 580፣ ዚርኮኒያ ደግሞ ከ1,200 በላይ ያስመዘግባል። ጥንካሬ ብቻውን ወሳኝ ቢሆን ኖሮ ዚርኮኒያ ከሁሉም የከፋ ጥርስ አጥፊ በሆነ ነበር። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በላቦራቶሪ የተካሄዱ በርካታ ጥናቶች ያሳዩት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በደንብ የተወለወለ ዚርኮኒያ ተጋጣሚውን ኢናሜል የሚፈገፍገው ከተለመደው ፖርሴሌን ባነሰ መጠን ነው።

የመጠገኛ ቁሶች ጠባይ

ሀ. ወርቅ

የወርቅ ቅይጥ ከኢናሜል የለሰለሰ ሲሆን፣ በማኘክ ጉልበት ሳይሰነጠቅ በጥቂቱ እየተደፈጠጠ ከተጋጣሚው ጋር ይስማማል። በመሆኑም በጥርስ ሕክምና ዘንድ ለተጋጣሚ ጥርስ ገር የሆነ ቁስ ተብሎ ለረጅም ጊዜ እንደ መመዘኛ ሲያገለግል ቆይቷል። ወርቅ ጥርስ በአገራችን በአንድ ወቅት የጌጥና የክብር ምልክት ነበር። ከጌጥነቱ ባሻገር ይህን ጥቅም እንደሚሰጥ የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ ዋጋው በጣም ከመወደዱም በላይ ነጭ ጥርስ ፈላጊው ስለበዛ ተፈላጊነቱ ቀንሷል። በእሱ ምትክ የሚሠሩት የኒኬልና የክሮምየም ቅይጦች ከወርቅ በጣም የጠነከሩ በመሆናቸው በጥንቃቄ መወልወል ይገባቸዋል።

ለ. አማልጋም

ከብርና ከቆርቆሮ ዱቄት ጋር ሜርኩሪ ተዋሕዶ የሚሠራው ጥቁር ሙሌት የሚፈገፈግበት ፍጥነት ከኢናሜል ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ በተጋጣሚው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው። ሆኖም ሜርኩሪ በአካባቢ ላይ በሚያደርሰው ብክለት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት አጠቃቀሙ እንዲቀንስ ያደረገ ሲሆን፣ የስምምነቱ አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2025 ጄኔቫ ላይ ባደረጉት ጉባኤ አማልጋም እ.ኤ.አ. እስከ 2034 ድረስ ከአገልግሎት እንዲወጣ ተስማምተዋል። ስለዚህ የሚተኩት ቁሶች ጠባይ ከወዲሁ መታወቅ ይኖርበታል።

ሐ. ኮምፖዚት

ነጭ ሙሌት እየተባለ የሚጠራው ኮምፖዚት ሙጫ መሰል ፕላስቲክና ደቃቅ የብርጭቆ ወይም የሲሊካ ቅንጣቶች ተቀላቅለው የሚሠሩበት ነው። ቀደም ባሉት ዘመናት ቅንጣቶቹ ትላልቅ ስለነበሩ፣ ሙጫው ሲታጠብ ቅንጣቶቹ ሾልከው እየወጡ ተጋጣሚውን ይፍቁ ነበር። በዛሬዎቹ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች በጣም የደቀቁ በመሆናቸው ይህ ችግር ቀንሷል። በአብዛኛው የሚፈገፈገው ተጋጣሚው ጥርስ ሳይሆን ራሱ ኮምፖዚቱ ነው። ይህ ደግሞ እንደ ድክመት ብቻ ሊታይ አይገባም። ያለቀውን ኮምፖዚት በሌላ መተካት ይቻላል፤ ያለቀውን ጥርስ መተካት ግን አይቻልም።

መ. ፖርሴሌን

በብረት ላይ የሚጋገረው ፖርሴሌን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በስፋት ሲሠራበት የኖረ ልባስ ነው። ከምድጃ ሲወጣ ገጹ ብርጭቆ በሚመስል ስስ ንጣፍ የተሸፈነ በመሆኑ ያብረቀርቃል። ይህ ንጣፍ ግን ከጊዜ ጋር በማኘክ ይገፈፋል። ከሥሩ የሚገለጠው ክፍል ሉሳይት የተባሉ ጠንካራ ክሪስታሎችና ደቃቅ የአየር ቀዳዳዎች ያሉበት በመሆኑ ልክ እንደ አናጢ የብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ተጋጣሚውን ይፍቃል። በተጨማሪም ፖርሴሌን ተሰባሪ ስለሆነ ከገጹ የሚረግፉት ደቃቅ ስብርባሪዎች በሁለቱ ጥርሶች መካከል ገብተው መፋቁን ያባብሳሉ።

ሠ. ሊቲየም ዳይሲሊኬት

ይህ ከብርጭቆ ሴራሚኮች ወገን ሲሆን ከፖርሴሌን ይልቅ መሰበርን የሚቋቋምና ውበቱም የሚመሰገን ነው። በተጋጣሚ ጥርስ ላይ ያለው ጠባይ እንደ አወላወሉ ይለያያል። በሐኪሙ ተሞርዶ ሳይወለወል ከቀረ እሱም እንደ ፖርሴሌን ይፍቃል።

ረ. ዚርኮኒያ

ዚርኮኒያ ቅንጣቶቹ እጅግ የደቀቁና እርስ በርስ የተጣበቁ በመሆናቸው በማኘክ ጉልበት በቀላሉ አይሰነጠቅም። አንዴ በደንብ ከተወለወለ ልስላሴው ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ይህ ነው ከጥንካሬው በተቃራኒ ለተጋጣሚው ገር የሚያደርገው። ጉዳቱ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው፣ ገጹ ሳይወለወል በቀለምና በሚያብረቀርቅ ቅብ ብቻ ተሸፍኖ ሲሰጥ ነው። ቅቡ ሲያልቅ ከሥሩ ያለው ሸካራ ዚርኮኒያ ይገለጣል። ሁለተኛው፣ ዚርኮኒያው በላዩ ላይ ፖርሴሌን ሲለብስ ነው። በዚህ ጊዜ ተጋጣሚውን የሚያገኘው ዚርኮኒያው ሳይሆን ፖርሴሌኑ ስለሆነ ጠባዩም የፖርሴሌን ይሆናል። ስለዚህ ለታካሚው “ዚርኮኒያ ነው” ብሎ መንገር ብቻውን ስለ ተጋጣሚው ጥርስ ምንም አይነግረውም።

ልባስ ከመምረጥ በፊት

ከላይ የተዘረዘሩት ቁሶች እንዴት እንደሚሠራባቸው ለመረዳት አንድ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት በከፍተኛ ደረጃ ፍሎሮሲስ ስድስቱ የላይኛ የፊት ጥርሶቿ በልዘዋል እንበል። ሥር የሰደደ መበስበስም ስብራትም የለባቸውም። ሠርጓ ስለቀረበ ስድስቱንም በሙሉ ልባስ ማስለበስ ትፈልጋለች።

ሙሉ ልባስ የጥርሱን ዙሪያ ሁሉ ሞርዶ፣ ከፊትም ከኋላም በሰው ሠራሽ ቁስ መሸፈንን ይጠይቃል። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ደግሞ የሚገጥሙት ከላይኞቹ ጥርሶች የኋላ ገጽ ጋር ነው። ስለሆነም ሙሉ ልባስ በተሠራ ቀን የታችኞቹ ጥርሶች ተጋጣሚ ተለውጧል ማለት ነው። በአንጻሩ የፊቱን ገጽ ብቻ የሚሸፍን ስስ ልባስ ቢሠራላት የኋላው ገጽ የተፈጥሮ ኢናሜል ሆኖ ስለሚቀር፣ አብዛኛው መጋጠም እንደ ቀድሞው ኢናሜል ከኢናሜል ጋር ይሆናል። ሰዎች የሚያዩት የፊቱን ገጽ ብቻ ነውና የተፈለገው ውበት ይገኛል፤ የተቆረጠውም ጥርስ ትንሽ ይሆናል።

ከዚህም በፊት ሊሞከሩ የሚገባቸው ቀላል ሕክምናዎች አሉ። ጥልቀት የሌለውን ቡናማ ቀለም በአሲድና በደቃቅ ማለስለሻ በጥንቃቄ ማንሣት፣ ማንጣት፣ ፈሳሽ ሙጫ ወደ ቀዳዳዎቹ እንዲሰርግ ማድረግ፣ ወይም በኮምፖዚት መሸፈን ይቻላል። ለሙሉ ልባስ የሚቀርበው ጥርሱ በእርግጥ ተሰባብሮ ወይም በሰፊው ተቦርቡሮ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ነው። በዚህም ጊዜ ቢሆን የልባሱ የኋላ ገጽ በብረት ወይም በደንብ በተወለወለ ዚርኮኒያ ሊሠራ ይችላል። በፍሎሮሲስ የተጎዳ ኢናሜል ለማጣበቂያ የሚደረገውን የአሲድ ማዘጋጃ ስለሚቋቋም ሐኪሙ ለማጣበቁ ሥራ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት እንዳለበትም መታወስ አለበት።

የባለሙያው ድርሻ

ከላቦራቶሪ የመጣ ልባስ አፍ ውስጥ ሲገባ ጥቂት ከፍ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሐኪሙ ባለቀለም ወረቀት አስነክሶ ከፍ ያለውን ነጥብ ያገኝና በአልማዝ መሞረጃ ይነካካዋል። አብዛኛው ጉዳት የሚወለደው በዚህች ደቂቃ ነው። አልማዙ የነካው ቦታ የተወቀረ ወፍጮ ሆኗል፤ ቦታው ደግሞ በትክክል ተጋጣሚው ጥርስ የሚያርፍበት ነው። ታካሚው “አሁን ተመችቶኛል” ብሎ ቢነሣና ሥራው በዚያው ቢያበቃ፣ የቁሱ ጥሩነት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ስለሆነም የሚከተሉትን ማሟላት ያስፈልጋል።

1ኛ. ከመለጠፉ በፊት የልባሱን ከፍታ መርምሮ የሚነካካውን በዚያን ጊዜ ማስተካከልና መወልወል፤

2ኛ. ከተለጠፈ በኋላ መነካካት ግድ ከሆነ በደቃቅ አልማዝ፣ ውኃ እየተረጨ፣ በቀላል እጅ መሥራት፤

3ኛ. ከዚያም ለቁሱ ተብለው የተዘጋጁትን የጎማ ማለስለሻዎች ከሸካራው ወደ ደቃቁ በቅደም ተከተል መጠቀም፣ በመጨረሻም በአልማዝ ቅባት መወልወል፤ ለፖርሴሌን የተሠራው ማለስለሻ ለዚርኮኒያ በቂ እንደማይሆን ማወቅ፤

4ኛ. ለላቦራቶሪው በሚላከው ማዘዣ ላይ የሚጋጠመው ገጽ ከመቀባቱ በፊት እንዲወለወል በጽሑፍ ማሳወቅ፤

5ኛ. ታካሚው በእንቅልፍ ልቡ ጥርሱን የሚያፋጭ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ፣ የሚያፋጭ ከሆነም ሌሊት የሚደረግ የፕላስቲክ መከለያ ማዘጋጀት። ጤነኛ ሰው ጥርሱ እርስ በርስ የሚነካካው በቀን ውስጥ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ድምር ጊዜ ሲሆን፣ የሚያፋጭ ሰው ግን ከዚህ በብዙ ይበልጣል፤

6ኛ. ልባስ ላለበት ሰው አሲድነት ያለውን የፍሎራይድ ጄል አለመቀባት። ይህ ጄል የፖርሴሌንንና የሌሎች ብርጭቆ ሴራሚኮችን ገጽ ስለሚቦረቡር ልስላሴያቸውን ያጠፋል። ፍሎራይድ መስጠት ካስፈለገ አሲድ የሌለው ዓይነት መመረጥ አለበት፤

7ኛ. ሕክምናው ባለቀበት ቀን የሁለቱንም መንጋጋ ፎቶግራፍ ወይም ቅርጽ ማስቀመጥ፣ በየዓመቱም ከዚያ ጋር ማነጻጸር። መፈግፈግ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ያለ ማነጻጸሪያ ሐኪሙም ታካሚውም ሳያስተውሉት ያልፋሉ።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ውድ መሣሪያ አይደለም። የማለስለሻ ጎማዎች ዋጋ ከልባሱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የሚወስደውም ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።

የታካሚው ድርሻ

ጥርሱን ለማስለበስ ያሰበ ሰው ሐኪሙን እነዚህን ጥያቄዎች ቢጠይቅ ይጠቅመዋል፤ ከተጋጣሚው ጥርስ ጋር የሚገናኘው ገጽ ከምን ተሠራ? ከተሞረደ በኋላ ተወልውሏል ወይ? የፊቱን ገጽ ብቻ መሸፈን አይበቃም ወይ? በምላስ ሲዳሰስ የሚሻክር ልባስ ካለም ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ማሳየት ተገቢ ነው።

በአመጋገብ ረገድ፣ በአሞራ ገደል ከተጠበሰ ቆሮሶ ጋር ሎሚ መጭመቅ የተለመደ ነው። የተለበሰ ጥርስ ያለው ሰው ይህን እርም ማለት አይጠበቅበትም። ይሁን እንጂ ከሎሚም ሆነ ከለስላሳ መጠጥ በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥና ጥርስን ወዲያው ከመቦረሽ መታቀብ ይበጃል። ቆሎ በደንብ ተበጥሮና ተለቅሞ ቢበላ፣ ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ልማዱን ቢተው፣ ካልሆነለትም ሁልጊዜ በአንድ ወገን ከማኘክ ቢቆጠብ ጥሩ ነው። ቡናማውን ቀለም ለማስለቀቅ ሲባል ጥርስን በከሰል ወይም በአሸዋ ማሸት ፈጽሞ መወገድ አለበት። ቀለሙ ከኢናሜሉ ውስጥ ስለሆነ የሚለቀው ኢናሜሉ ሲላጥ ብቻ ነው።

ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ ከታየ መፈግፈግ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማማከር ይገባል፤ የታችኛው የፊት ጥርስ ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ማብረቅረቅ፣ ጫፉ መሳሳትና መሸራረፍ፣ መካከሉ ላይ ቢጫ ነጥብ መታየት፣ ለቀዝቃዛ መጠዝጠዝ፣ ጠዋት ሲነሡ የመንጋጋ መድከም።

ማጠቃለያ

በስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው በልጅነቱ የጠጣው ውኃ ያበለዘውን ጥርስ ለማስለበስ መፈለጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥርስ ብቻውን አይሠራም፤ እያንዳንዱ ጥርስ ተጋጣሚ አለው። የላይኛውን በማሳመር የታችኛውን ማሳጣት ደግሞ ሕክምና አይባልም። ተጋጣሚውን የሚጎዳው የቁሱ ጥንካሬ ሳይሆን የገጹ ሸካራነት በመሆኑ፣ መከላከያውም በሐኪሙ እጅ ነው። የሚበቃው ከሆነ የፊቱን ገጽ ብቻ መሸፈን፣ ሙሉ ልባስ የግድ ሲሆን በደንብ የሚወለወለውን ቁስ መምረጥ፣ የነካኩትን ሳይወለውሉ ታካሚውን አለማሰናበት ነው።

ዋናው መፍትሔ ግን ከክሊኒክ ውጭ ይገኛል። ዛሬ ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት የሚጠጡት ውኃ የፍሎራይድ መጠኑ ከታወቀና ከተስተካከለ፣ የነገዎቹ ወጣቶች ጥርሳቸውን ማስለበስ ሳያስፈልጋቸው ይስቃሉ።